ቤቴን ያመለከትሁበት ፖስት ካርድ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ከገባ ቆይቷል፤ ፈረንጅ ወደ ላሊበላ መምጣቱን ትቷል፤ ትልቁ ረሃብ ግን ገና አልደረሰም። ወሩም ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ እንጃ። ሊይዙኝ ሲመጡ የገብስ ክምር እየከደንሁ ነበር፤ ይቺን ብቻ አልረሳም።

የመጡት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ናቸው። አንደኛው የሰፈሬ ሰው ነው፤ ሠርጌ ላይ ጨፍሯል። «ና እስቲ፣ ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ፤ ዐይኔን ግን አላየኝም። ሌላው ቤት ገብቶ ፖስት ካርዶቼን ከሣጥን አውጥቶ ከተጠቀለሉበት ጨርቅ ጋር ይዞ ወጣ።

ያስገቡኝ ቤት የአንድ የቀድሞ ባላባት የማር ማስቀመጫ ነበር። ጋኖቹ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግድግዳው ግን ያን ጊዜም ማር ማር ይሸታል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ ንብ ትገባና ማሩ ያለ መስሏት ግድግዳውን ስትዳስስ ቆይታ ትወጣለች። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። «ከዚህ ቤት በፈለገችው ሰዓት የምትወጣ እሷ ብቻ ናት» አለ አንዱ፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ሳቅን።

ስለ ካርዶቹ ልንገራችሁ። ፈረንጅ ይመጣ በነበረበት ጊዜ በቅሎ አከራይ ነበርሁ፤ እንግዶችን አሸተን ማርያም አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ቁልቁለቱን ስንወርድ በጣም ፈርታ ነበርና እስከ ታች እጇን ይዤ አወረድኋት። አገሯ ስትገባ ፖስት ካርድ ላከችልኝ፤ እኔም ላክሁላት። እሷ ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ካርድ የሚለዋወጡ ሰዎች በሚያነቡት ጋዜጣ ላይ ስሜንና አድራሻዬን አወጣችው። ከዚያ ወዲህ በዐይኔ ያላየሁት ሰው ይጽፍልኝ ጀመር። ከጃፓን መጣ፣ ከፊንላንድ መጣ፣ ስሙን ከማላውቀው አገር ሁሉ መጣ። ባሕሩ፣ በረዶው፣ ዝሆን የምታህል ላም!

ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ የቆመ ነው፤ የፈረንጅ ጽሑፍ አላውቅም። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ያነብልኛል፣ አድራሻውንም ይጽፍልኛል። ሰላምታውን እኔ በራሴ እጅ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ «እንደምን ከርመዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ በቅሎዎቼም ደህና ናቸው።» እነሱ የኔን አያነቡት፣ እኔ የነሱን አላነብ። ሰላምታ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ጊዜ ብዙ መስኮት ያለው ረዥም ፎቅ ያለበት ካርድ መጣልኝ። በአንደኛው መስኮት ላይ በቀለም ትንሽ ምልክት ተደርጓል። «ምልክቱ ያለበት የኔ ቤት ነው ይላል» አለኝ የፖስታ ቤቱ ሰው። ደስ አለኝ። ኋላም እንዲህ ምልክት ያለባቸው መጡ። እኔም በተራዬ ከተማችን ከነአሸተን ተራራ የምትታይበትን ካርድ ገዛሁና፣ ተዳፋቱ ላይ ባለችው ቤቴ ላይ ምልክት አደረግሁ። ቤቲቱ በፎቶው ላይ ከቁንጫ አትበልጥም፤ ቀለሙ ዋጣት። አድራሻውን ከመጣልኝ ካርድ ላይ አስመስዬ ገለበጥሁና ቴምብር ለጥፌ ሰጠሁ።

የማውቀው ሠራተኛ ግን ያኔ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሯል። አዲሱ ምልክቱን አይቶ ካርዱን ለአስተዳደሩ ሰጠ። በዚያ ሰሞን በተራራው ዙሪያ ሽፍታ አለ እየተባለ ይወራ ነበር።

ካድሬው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጎልማሳ ነው። ካርዶቼን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቤቴ ነው፣ ጓድ።»

«ቤት አይታየኝም። ተራራና ምልክት ነው የሚታየኝ።»

«ቤቲቱ ከቀለሙ ሥር ናት።»

«ለማን ነው የምትልከው?»

«ፊንላንድ ላለች ሴት።»

«የት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

«ለማታውቃት ሴት ቤትህን የምታሳየው ለምንድን ነው?»

እንዲህ ያለ ነገር ምክንያት የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር። «እሷም አሳይታኛለች» አልሁ። በር ላይ የቆመው የሰፈሬ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ካድሬው ዞር ሲልበት ሳል አስመሰለው።

«የነዚህስ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«የመጨረሻዎቹን ሰባት የሚያነብልኝ አላገኘሁም።»

ካድሬው የታተመ እንግሊዝኛ ይሞክራል መሰል፤ የፈረንጆቹ የእጅ ጽሑፍ ግን አቅቶታል። «ሐሙስ መኪና አለ» አለ። «አንተም ካርዶችህም ደሴ ትሄዳላችሁ። እዚያ የሚያነብ አይጠፋም።»

ከዚያ ቤት ከኛ በፊት ሁለት ሰዎች ደሴ ተወስደዋል። ወሬያቸውን የሰማ የለም። ሰባቱ ካርዶች አስጨነቁኝ። የማላውቀው ሰው ምን ብሎ እንደጻፈልኝ በምን አውቃለሁ? ስለ መንግሥት አንድ ነገር ብሎ ቢሆንስ?

አጠገቤ የሚተኛ አንድ ወጣት ነበር። የቀን ሠራተኛ ነኝ ብሏቸዋል፤ የይለፍ ወረቀት ሳይኖረው መንገድ ላይ ነው የተያዘው። ጋቢዬን እየተጋራን እናድራለንና መዳፉን አውቀዋለሁ፤ እንደ ጥጥ ነው፣ ዶማ አልጨበጠም። አልጠየቅሁትም። የካርዱን ነገር ነገርሁት።

«እኔ አነብልዎት ነበር» አለ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ።

ደነገጥሁ። በዚያ ዘመን አንድ ወጣት እንግሊዝኛ አውቃለሁ ካለ፣ የት ተማርህ ይመጣል፤ ከነማን ጋር ይከተላል። «ተው ወንድሜ፣ ያልጠየቁህን አትናገር» አልሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በሰላምታ ምክንያት ደሴ ሊሄዱ ነው።»

ረቡዕ ጧት እንደገና ስጠራ ከኋላዬ ተነሣና «ካርዱን እኔ አነባለሁ» አለ። የሰፈሬ ሰው ሁለታችንንም ወሰደን።

«አንተ የቀን ሠራተኛ አይደለህም እንዴ?» አለው ካድሬው። «እንግሊዝኛ ከየት አመጣህ?»

ከንፈሩ ሲደርቅ አየሁ። እኔ የበቅሎዬን ነውር ለገዢ ተናግሬ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ውሸት አይሆንልኝም። የዚያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ። «ከኔ ነው ጓድ። በቅሎ ይስብልኝ ነበር። ፈረንጅ ሲያወጣ ሲያወርድ ለመደ።»

ካድሬው ወደ በሩ ዞረ። «እውነት ነው?»

የሰፈሬ ሰው በቅሎ የሚስቡልኝን ሁሉ በስም ያውቃል። ጣሪያውን አየ። «አዎ ጓድ፤ ይኼ ልጅ ፈረንጅ ያየ እንደሆነ የሚያስቆመው የለም፣ ይለፈልፋል» አለ።

ወጣቱ ማንበብ ጀመረ። «እዚህ በረዶ ነው። ምልክት ያለበት መስኮት የኔ ነው። ድመቴ እዚያ ትቀመጣለች።»

«ድመት?»

«ድመት ነው የሚለው፣ ጓድ።»

ቀጠለ። «ቤታችን ከዛፉ በስተጀርባ ነው፣ ምልክቱን እይ። በቅሎዎችህ እንዴት ናቸው?» ሦስት አነበበ፤ አራት አነበበ። ሰባተኛው ላይ ዐይኑ ወደ ታች ሮጠና ቆመ። ጽሑፉ ካርዱን ሞልቶታል። «እንደምን ነህ? እኛ ደህና ነን። ለቤተሰብህ ሰላምታ» አለና አስቀመጠው።

«ይኼ ሁሉ ጽሑፍ ይችን ብቻ ነው የሚለው?»

«የቀረው ስለ ዝናብ ነው፣ ጓድ። ፈረንጅ ስለ ዝናብ ሲያወራ አይጠግብም።»

ካድሬው ሳቀ። ሲስቅ የማን ልጅ ይሆን የሚያሰኝ ልጅ ይመስላል። «ሥራ ፈቶች!» አለና ካርዶቹን ወደኔ ገፋቸው። «ሰብስብና ሂድ።»

ካርዶቼን ሰበሰብሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን የኔዋ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች። ተመለስሁ።

«ጓድ፣ ይችኛዋ ቴምብሯም ተለጥፏል። ትላክልኝ።»

የሰፈሬ ሰው ዐይኑን ጨፈነ።

«ከነምልክቷ?» አለ ካድሬው።

«ያለምልክቷማ ቤቴ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለች?»

ካርዷን አንሥቶ ለሰፈሬ ሰው ወረወረለት። «ፖስታ ቤት አድርስለት፤ ይገላግለን።»

ወጣቱን በሦስተኛው ቀን በዋስነት ፈርሜ አወጣሁት። መንገድ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ሰባተኛው ካርድ የሚለውን ነገረኝ፦ «በአገርህ ወጣቶች እየተገደሉ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማን። አንተን አናውቅህም፤ ግን በሕይወት እንዳለህ ጻፍልን።» ሁለታችንም መንገዱ ዳር ተቀመጥን። ከዚያ እሱ ሳቅ ጀመረ፣ እኔም ተከተልሁት፤ ዐይናችን እስኪያነባ ሳቅን።

ወጣቱ እኔ ቤት አንድ ወር ተቀመጠ። ጭነት ማሰር እንኳ አያውቅም፤ በቅሎዎቹ ናቁት። ኋላ ከእህል ነጋዴዎች ጋር በሙጃ በኩል ሸኘሁት። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጠጉሩ ሸብቶ፣ ሚስቱን ይዞ መጣ።

አሁን አርጅቻለሁ። ስለዚያ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሰዎች ምሬት ይጠብቃሉ። ምሬቱም አለ፤ ደሴ የተወሰዱትን ሁለቱን አልረሳኋቸውም። ግን ነገሩን ሳስበው አስቀድሞ የሚመጣልኝ እፎይታው ነው፤ ከዚያ ቤት ወጥቼ ብርሃኑ ዐይኔን ሲወጋኝ የተነፈስሁት ትንፋሽ። ዝም ብሎ መትረፍ ሲችል ስለኔ ብሎ የተነሣውን ሰው ስሙን ጽፌ ላብቃ። ሞላ ይባላል፤ መምህር ሞላ።