ከአስፋልቱ ጀርባ የከፈትነው መንገድ

የማዘጋጃ ቤታችን በር ላይ ደረጃ አለ። ከፍ ያለ አይደለም፤ ዘወትር ስወጣበትና ስወርድበት ልብ ብዬው አላውቅም። አንዲት መምህርት ልታገኘኝ በመጣች ቀን ግን ከደረጃው ሥር አገኘኋት። በእጅ የምትዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣለች። «አንዲት ሴት ቀያሹን ጥሩልኝ ትላለች» ብሎ የነገረኝ ጥበቃው ነበር።

«ቀያሹ አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«እዚህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እግሮቼ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይሠሩም። በቀደም ባጃጅ ከመኪና ሲሸሽ ገፍቶኝ ቦይ ውስጥ ወድቄ ነበር። ለክስ አይደለም የመጣሁት። ነገ ጠዋት ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ አብረኸኝ እንድትሄድ ነው።»

እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። በዚያው ሰሞን ለእግረኛና ለብስክሌት፣ በተለይ ለአቅመ ደካሞች የሚሆን መንገድ እንዳጠና ታዝዤ፣ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነበር።

ቆቦን የሚያውቅ ሰው አስፋልቱን ያውቃል። ከወልድያ የተነሣ ሁሉ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ከተማችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ወደ ሰሜን ያልፋል። አውቶቡሱ፣ ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በገበያ ቀን ደግሞ ግመሉና ፍየሉ ሳይቀር በዚያው ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ስለሆነ፣ ሰው በዚህ መሀል እንዴት እንደሚሄድ አስቤው አላውቅም ነበር። ይሄዳል፤ በቃ።

በማግስቱ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። የሱቆቹ በረንዳ እስከ ቦዩ አፍ ይደርሳል፤ ቦዩ ደግሞ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ይሳሳማል። ስለዚህ ለእሷ የቀራት መኪናው የሚሄድበት አስፋልት ራሱ ነው። ከባድ መኪና ከኋላዋ ሲመጣ ዞር ብላ አታይም። እጀታውን ጨብጣ ቀጥ ትላለች፤ የመኪናው ንፋስ ነጠላዋን ገልቦ ያልፋል፤ ነጠላዋን ትመልስና እንደገና መዘወር ትጀምራለች። ባጃጆቹ ተደርድረው የቆሙበት ቦታ ስትደርስ ወደ መሀል መንገድ መውጣት ግድ ሆነባት። እኔ ጮኼ ላስቆም እጄን አነሣሁ። እሷ ግን ወጥታ፣ አልፋ፣ ወደ ጠርዙ ተመልሳ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሸሚዜ በላብ ርሷል።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?» አልኳት።

«ዛሬ እንኳ ደኅና ነው። የገበያ ቀን አይደለም።»

ደወል ተደወለና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ በመስኮቱ ወጣ፤ ክፍልፋይ እያስተማረች ነበር። ድምፅዋ ውስጥ መንቀጥቀጥ የለም፣ ድካም የለም። አንዱን ልጅ «አትቸኩል፣ እንደገና እየው» ስትለው ሰማሁ። ያን ጠዋት ያየሁትን ነገር የማስቀምጥበት ቦታ ራሴ ውስጥ አጣሁለት።

ከዚያ በኋላ አስፋልቱን ዳር ለዳር ለካሁት። የሚሆን አልነበረም። ሱቅ ካላፈረስን ቦታ የለም፤ መንገዱም የከተማችን ሳይሆን የአገር መንገድ ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ከሱቆቹና ከቤቶቹ ጀርባ ገባሁ። እዚያ ድሮ ከብት የሚነዳበት መንገድ ነበር። የቁልቋል አጥር ከዚህም ከዚያም እየገፋ አጥብቦታል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጭራሽ ማሳ ሆኗል። ግን ሳየው በጤና ጣቢያው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አጠገብ አልፎ፣ አሸዋማውን ወንዝ ተሻግሮ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይወጣል። ችካል ይዤ ከጫፍ ጀመርኩ። መሀል ላይ ስደርስ የአንድ ሽማግሌ የማሽላ ማሳ ገጠመኝ። በአንድ በኩል የጎረቤት ግንብ፣ በሌላው በኩል የወንዙ ገደል ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ መንገድ የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ለምትክ የሚሰጠው መሬት አልነበረውም።

የማሽላው አዝመራ ተሰብስቦ ባለቀበት ሰሞን ከመምህሯ ጋር ቤታቸው ሄድን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግቡ፣ ግቡ። እሷንም ደግፈህ አስገባት።»

ያሰብነውን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «ዓይን የደከመ ሰው ይሄድበታል?» አሉ።

«ይሄድበታል። መኪና አይገባበትም፣ ባጃጅም አይገባበትም።»

ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ጠሩ። እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። የግቢያቸው በር የሚከፈተው በአስፋልቱ በኩል ነው። አንድ ቀን ከበራቸው ወጣ እንዳሉ የመኪና ጥሩምባ አስደንግጧቸው ወድቀው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጡም። ስንት ዓመት እንደሆነ ሲጠየቁ ሁለቱም አላስታወሱትም።

«ይቺን መንገድ ሂጅና እያት» አሏቸው ባላቸው። «ካልሆነችሽ አልሰጥም። ከሆነችሽ ያንቺን ቃል እሰማለሁ።»

እማማ ክንዴን ያዙና በጓሮ በኩል ወጣን። ታጭዶ የቀረው የማሽላው ቆረን እግራቸውን እንዳይወጋቸው ቀስ እያልን፣ ከችካል ወደ ችካል ሄድን። መጀመሪያ ላይ በየጥቂቱ እየቆሙ ያዳምጡ ነበር። ቆይተው ክንዴን የያዙበትን እጃቸውን ላላ አደረጉት። መምህሯ ብስክሌቷ በአፈሩ ላይ እየከበዳት ከኋላችን ትከተላለች፤ ሽማግሌው ከሷ ኋላ በዝምታ ይመጣሉ። ማሳው አለቀ። ይበቃቸዋል ብዬ ልመልሳቸው ስል፣ «ቀጥል» አሉኝ።

«ይርቃል እኮ፣ እማማ።»

«እህቴ ያለችው በዚያ በኩል አይደለም እንዴ? አብሽር፣ ቀጥል።»

እህታቸው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው የሚኖሩት። እግራቸው አብጦ ከመደብ አይነሡም። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በሰው ሰላምታ እየተላላኩ ነው እነዚህ ሁለት እህትማማቾች የቆዩት። የመምህሯን ብስክሌት በአሸዋው ላይ እየገፋን ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። ቤቱ ደረስን። እህትየው መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩ፤ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት።

«ምን አመጣሽ?» አሉ።

«መንገድ ሊሠራ ነው አሉኝ። ልየው ብዬ ነው።»

እማማ አጠገባቸው ተቀምጠው የእህታቸውን ፊት በእጃቸው ዳሰሱ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን። «አርጅተሻል» አሉ። «አንቺስ?» አሉ እህትየው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር እኛ ወደ ውጭ ወጣን።

ሽማግሌው ከቤቱ ጥላ ሥር በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ዓይናቸውን ወደ ዞብል ተራራ አድርገው፣ «መንገዱ ምን ያህል ስፋት ይፈልጋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንደ መምህሯ ብስክሌት ያሉ ሁለት የሚተላለፉበት ከሆነ ይበቃናል።»

«ሰፋ አድርገው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ እያወራ የሚሄድበት ይሁን።»

እኔ እኮ እሳቸውን ለማሳመን ሽማግሌ ልልክ፣ ደጅ ልጠና ተዘጋጅቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ቁልቋላቸውን በገጀራ እየጣሉ አገኘኋቸው። ይህን ያዩት ጎረቤታቸው ቄስ የእሾህ አጥራቸውን ነቅለው ወደ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤትም እንዲሁ። እየጠየቅሁ የሄድኩባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ወደ መጨረሻው ግን ከመጠየቄ በፊት አጥሩ ተነሥቶ የሚጠብቀኝ በዛ። አንዲት ሴት ብቻ እስከ መጨረሻው አልፈቀዱም። መሬታቸው ነውና ከድንበራቸው ውጭ ጠበብ አድርገን አለፍን። ከወንዙ አሸዋ፣ ከዳገቱ ጠጠራማ ገረጋንቲ እየመጣ መንገዱ ተደለደለ። ወንዙ ላይ ቱቦ ቀብረን ከላዩ ደፈንንበት። መምህሯ የመጀመሪያውን ጠዋት ስትሄድበት ከጎኗ ነበርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለቱንም እጆቿን ከእጀታው አንሥታ ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካከለች።

ክረምት መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በምዕራብ ያሉት ተራሮች ጠቁረው ነበር። ዝናቡ እዚያ ላይ ነው የጣለው። ከወንዙ በኩል ብዙ መኪና አብሮ የተነሣ የሚመስል ድምፅ ስንሰማ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ጎርፉ ደረሰ። ቡናማ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይመጣል። የቀበርናቸውን ቱቦዎች አንሥቶ እንደ አገዳ ወሰዳቸው። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። የወራት ድካማችን ሲሄድ እያየሁ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

መምህሯ አጠገቤ መሆኗን ያየሁት ቆይቼ ነው።

«ትልቅ ነው» አለች።

«ጥፋቱ?»

«ውሃው። እዚህ ተወልጄ አድጌ፣ ድምፁን በየክረምቱ እየሰማሁ፣ አንድም ቀን ቀርቤ አይቼው አላውቅም። በክረምት ትምህርት የለም፤ እስከዚህ የሚያደርሰኝ መንገድም አልነበረም።»

እኔ ቱቦዬን ሳይ፣ እሷ ውሃውን ታይ ነበር። ጎርፉ እስኪቀንስ ድረስ ሁለታችንም ከዚያ አልተነሣንም።

ውሃው ሲጎድል መሻገሪያውን በሌላ መልክ ሠራነው። ጎርፉ በላዩ እንዲያልፍ ዝቅ ያለ የድንጋይ ንጣፍ አደረግነው። ድንጋዩን የከተማው ሰው፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ወጣት አብሮ ተሸክሞታል። ጎርፍ ሲመጣ ማንም አይሻገርም፤ እስኪያልፍ ይጠበቃል።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት በማለዳ ሄጄ መሻገሪያው አጠገብ ቆምኩ። ፀሐይ ከዞብል በላይ ብቅ እያለች ነበር። መጀመሪያ ልጆቹ መጡ፤ ትናንሾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ብስክሌት ያላቸው ጓደኛ ከኋላ አፈናጠው። ቀጥሎ የመጡትን ግን አልጠበቅኋቸውም። በዱላቸው መሬቱን እየነኩ የሚመጡ ዓይነ ስውር አባት። ልጇን በጀርባዋ ያዘለች፣ በክራንች የምትሄድ እናት። ዘመድ ፍራሽ ባነጠፈላቸው ጋሪ ላይ ተቀምጠው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱ ሴት። ፀሐይ ነክታቸው የማታውቅ የሚመስሉ፣ ፊታቸው የገረጣ ሰዎች። አንዱንም አላውቀውም። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉንም ሰው የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እነዚህ ሁሉ ከየግድግዳው ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ፤ ለምን እንዳወለቅሁት እስከ ዛሬም አላውቅም።

ሥራው አላለቀም። ወደ ገበያው ሲደረስ መንገዱ ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። እዚያ የቀባነው ዜብራ ይደበዝዛል፣ እንደገና እንቀባዋለን። የሚቆም ሹፌር አለ፣ የማይቆምም አለ። መምህሯም ይህን እንዳልረሳው በየጊዜው ታስታውሰኛለች።

ያን የመስከረም ጠዋት ግን ከኋላዬ የብስክሌት ደወል ሰማሁ። በጦርነቱ አንድ እግሩን ያጣ ወጣት ነው። ክራንቹን ከብስክሌቱ ብረት ጋር በገመድ አስሮ፣ በአንድ እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ሲወርድ በራሱ እስኪመለስ እየጠበቀ፣ ደግሞ እየረገጠ ይመጣል። ከቆመ እንደገና መነሣት እንደሚቸግረው ያስታውቃል። እኔ ደግሞ መንገዱ መሀል ተገትሬያለሁ።

«ጋሼ፣ ያሳልፉኝ» አለኝ።

ወደ ዳር ወጣሁለት፤ አለፈ።