የሚሟሟው ክር

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አባ ጠርጥር» ነው የሚለው፤ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት። ሱሪ ሰፍቶ ከማስረከቡ በፊት ስፌቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ይጎትተዋል። ከያዘ ይሰጣል፤ ከተተረተረ ክሩን የሸጠለት ነጋዴ ጋ ሄዶ ሰፈሩን ያምሳል። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ሳይል የዋለበት ቀን የለም፤ እኔ በበኩሌ ፈረስ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ እንኳ አይመስለኝም።

እንግዲህ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሚስት ናት ሆዷን ኦፕራሲዮን የሆነችው። ወደ ቤት ሊወስዳት ሲሄድ ሐኪሟ «ክሩን ለማስወጣት መምጣት አያስፈልጋትም፤ ሰውነቷ ራሱ ያሟሟዋል» አለችው።

«ይሟሟል? ክር?»

«አዎ አባባ። ቀስ በቀስ እየተሰባበረ ይጠፋል፤ እስከዚያ ሥጋዋ ይገጥማል።»

ልቡ አልተቀበለም። በእሱ ሙያ የሚበሰብስ ክር መሸጥ ሌብነት ነው! ስኳር ነው እንዴ የሚሟሟው? ወይ ርካሽ ክር ነው፣ ወይ ደግሞ ማውጣቱ ታክቷቸው ነው አለ። አንዷን ነርስ ለምኖ ከተረፈው ክር ቁራጭ ተቀበለና ሱቁ ወስዶ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ነከረው። ጠዋት ጠዋት እያወጣ ይጎትተዋል። ክሩ ወይ ፍንክች! ልብስ ሊለኩ ለሚመጡ ደንበኞች ሳይቀር «ይኸውላችሁ፣ ሟሚ ተብዬው!» እያለ ያሳይ ጀመር።

«ውሸታሞች ናቸው» አላት ሚስቱን። «ባዕድ ነገር ሆድሽ ውስጥ ጥለው ነው የሸኙሽ።»

«ተወኝ አንተ ሰው፣ ደህና ነኝ እኮ።»

እውነትም ደህና ነበረች። ቁስሉ እየገጠመ ነው። ጫፉ ላይ ግን አንዲት ትንሽ የክር ቋጠሮ ብቅ ብላለች። እሷን ሲያይ ይመረቅዝባትና ትሞትብኛለች ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ የምር ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቆ ቋጠሮዋን በጥፍሩ ያዘና ሳብ አደረጋት።

ክሩ ገና አልሟሟም ነበር። ሥራው ላይ ነበር። ጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ፤ ቁስሉ ተከፈተ።

ሆስፒታል ሲመልሳት ሐኪሟ አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ስለ ብርጭቆው ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው። «አባባ፣ የብርጭቆ ውሃ እኮ ቀዝቃዛ ነው። ክሩን የሚሰባብረው የሰውነት ሙቀትና እርጥበት ነው፤ ያውም በሳምንታት። ጥቂት ቢታገሡ ሥራውን ጨርሶ ይሄድ ነበር።» ከዚያ ቁስሉን አጥባ እንደገና ሰፋቻት። በምን ዓይነት ክር እንደሰፋቻት እንኳ አልጠየቃትም።

አሁን ሱቁን በጊዜ እየዘጋ ሾርባ ሠርቶ ያበላታል። ሚስቱም አትሰድበው፣ አታኮርፈው፤ ያመጣላትን ትበላለች። ትናንት ግን ሰሃኑን ይዞ ሲመጣ የመኝታ ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፎ አገኘው። ስንት ዘመን አብረው ሲኖሩ በር ዘግታበት አታውቅም። አንኳኳ።

«እኔ ነኝ እኮ፣ ክፈቺልኝ።»

«አንተ መሆንህንማ አውቄ ነው የቆለፍኩት» አለችው። «ሾርባውን እዚያው አስቀምጠው፤ ልተኛ ነው።»