ሳይታረድ የሚታይ

አባቴ ዕድሜውን ሁሉ በግ ነጋዴ ነው። ከከላላ ገበያ ሲገዛ ጀርባውን ዳብሶ፣ ላቱን አንስቶ፣ ዓይኑን ገልጦ አይቶ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ታርዶ ሲበለት ጉበቱ በትል ተበልቶ ይገኛል። ያን ቀን አባቴን ደፍሮ የሚያናግረው የለም።

ባለፈው ለአረፋ ከዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ስገባ ስለ ጥናቴ ጠየቀኝ። በሕይወት ያለ አካል ውስጥ በሽታን በብርሃን ማየት ነው አልኩት።

«ሳይታረድ?»

«ሳይታረድ።»

«በግ?»

«አይጥ።»

እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች። «ያ አላህ! እኛ በመጥረጊያ የምናሳድዳትን እዚያ ፎቶ ያነሷታል!»

አስረዳኋቸው። በሽታ አምጪው ባክቴሪያ ላይ ብርሃን የሚሰጥ ዘረመል እንጨምራለን፤ አይጧን ጨለማ ሳጥን ውስጥ ስናስገባት በሽታው ያለበት ቦታ ከውስጥ ያበራል፤ መድኃኒቱ ከሠራ ብርሃኑ ከቀን ወደ ቀን ይደበዝዛል። ማንም አላመነኝም።

ደግነቱ ማስረጃ ይዤ ነበር። በአማካሪዬ ፈቃድ፣ ሰው የማይጎዳ፣ በተፈጥሮው የሚያበራ የባሕር ባክቴሪያ በጠርሙስ ይዤ፣ በጋቢ ጠቅልዬ በአውቶቡስ አምጥቼዋለሁ። ብርድ ስለሚወድ ያገራችን አየር ተስማምቶታል።

እኩለ ቀን ላይ የጓዳውን መስኮት በብርድ ልብስ ደፈንን። አባቴ፣ እናቴ፣ ከጅዳ የተመለሰችው አክስቴና እኔ ተጠጋግተን ገባን። «ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ዝም በሉ» አልኳቸው። ዝም ያለ የለም። አክስቴ ሳቅ ጀመረች፣ ወደ ሁላችንም ተጋባ። እኔ ግን ባክቴሪያዎቹ መንገድ ላይ ሞተው ቢሆንስ ብዬ ሰግቻለሁ።

ጠርሙሱን ናጥኩት። ሰማያዊ ብርሃን ወጣ።

«ያ ረቢ!» አለች አክስቴ።

አባቴ ነጠቀኝ። ባክቴሪያዎቹ አየር ሲያገኙ ነውና የሚያበሩት፣ ሲንጠው ይደምቃል፣ ሲተወው ይፈዛል። «በተራ! በተራ!» ትላለች እናቴ እጇን ዘርግታ። አክስቴ ጅዳ ላለችው ልጇ በቪዲዮ ደወለች።

«አየሽው?»

«እማዬ፣ ጥቁር ነው። መብራት ጠፋ እንዴ?»

«መብራቱማ እዚህ ነው!»

የስልክ ካሜራ ይህን ያህል ደብዛዛ ብርሃን አያይም፤ የላቦራቶሪያችን ካሜራ ለዚሁ የተሠራ ነው እያልኩ ባስረዳም የሚሰማኝ አልነበረም። አባቴ ወደ ኋላ ሲል የገብስ ጆንያ ጠለፈውና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ጠርሙሱን ግን ከፍ አድርጎ ይዞታል። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ውጭ ስንወጣ አባቴ ዓይኑን እያሸ፣ «በጉንስ መቼ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ የበግ ሥጋና ጸጉር ይውጠዋል።

የገብሱን አቧራ ከልብሱ አራገፈ። «ግድ የለም። ለሰው መድኃኒት ይውጣበት እንጂ ለበጉስ የምዳብስበት እጄ አለ።»

ወሬው ግን ቀድሞን ወጥቷል። የዐሱር ሶላት ሳይደርስ የጎረቤት ሴቶች በራችን ላይ ተሰለፉ፤ አባቴም ጓዳው በር ላይ ቆሞ፣ «አራት አራት እየሆናችሁ!» እያለ ያስገባ ጀመር።