የአቲቃ ሽበት

የአቲቃ ፀጉር መሸበት የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷም በዚያው ዕድሜ ሸብታለች፣ አያቷም እንዲሁ። በቤታቸው ይህ ነገር እንደ ገበና ተይዞ የኖረ ነው። ለጋብቻ ሊያዩአት የሚመጡት ሴቶች ከመድረሳቸው በፊት እናቷ ጓዳ አስገብታ፣ ሒናው ላይ ከቅመም ሻጭ የተገዛ ጥቁር ዱቄት ቀላቅላ ቀባቻት። "ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለባልሽም ቢሆን" አለቻት።

አቲቃ አልተናገረችም። ሆኖም ካገባች ብዙም ሳትቆይ አማቷ ሐጃ መስዑዳ የሰፈሩ ሴቶች ወደሚታጠቡበት ሐማም ይዛት ሄደች። እንፋሎቱ ውስጥ ከኋላዋ ተቀምጣ ፀጉሯን በጣቷ እየከፈለች ሥር ሥሩን አየች። ከዚያም የሚታጠበው ሴት ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "አሮጊት በቅሎ ጥቁር ቀብተው ሸጡልን!" አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሐጃ መስዑዳ ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ በነዚያ ዓመታት ምራቷን በስሟ የጠራችበት ቀን ጥቂት ነው። "በቅሎዬ፣ ውሃ አምጪልኝ።" "በቅሎዬ ዛሬ ምን ሠራች?" ትላለች እንግዳ ፊት፣ እንደ ቁልምጫ አስመስላ።

አሁን አቲቃ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አማቷም ባሏም ሞተዋል። በኮንስታንቲን ከተማ አሮጌው ሰፈር ከአንድ ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች፤ ለሠርግ ባቅላዋ የሚባለውን ጣፋጭ በመሥራት ትተዳደራለች። ሊጡን ስታሳሳው ከበስተኋላው ያለው መስኮት እስኪታይ ድረስ ነው። ሥራዋ ሰው ቤት ስለሚያስገባት፣ እናቶች ለወንድ ልጆቻቸው ሚስት ሲመርጡ የሚባባሉትን ሁሉ ትሰማለች። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚለውን በእኛ ከተማ ሴቶች ለአፍ ማሳመሪያ ብቻ አይሉትም፤ ይሠሩበታል። የእናትየዋን ጥርስ ያያሉ፣ ወገቧን ያያሉ፣ ፀጉሯን ያያሉ። አቲቃም ሊጥ እየዳመጠች ሌሎች እናቶች እንዴት እንደሚበለቱ ስትሰማ ኖራ፣ ማታ ቤቷ ገብታ የራሷን ሥር በመስታወት ትመረምር ነበር። በየሦስት ሳምንቱ መቀባቷን ለሠላሳ ዓመት አላቋረጠችም።

ያስቋረጣት ሕመም ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል እንደ ልማዷ ተቀብታ ታጠበች፤ ግንባሯን አሳከካት። በማግስቱ ዓይኖቿ አብጠው ተዘጉ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ትንፋሽ አጠራት። ወንድሟ ቡጀማ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዳት። መርፌ ከተወጋች በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም አጠገቧ ተቀምጣ፣ "እናቴ፣ ይስሙኝ" አለቻት። "ሰውነትዎ ይህን ቀለም ጠልቶታል። በድጋሚ ከተቀቡ እብጠቱ ፊትዎ ላይ ላይቆም ይችላል፤ ጉሮሮዎን ሊዘጋው ይችላል። 'የተፈጥሮ ነው' እያሉ የሚሸጡትንም እንዳያምኑ።"

ልጇ ሉብና በዚያ ሳምንት ለሥራ ሥልጠና አልጀርስ ነበረች። ስትመለስ እብጠቱ ጎድሎ አገኘችው። አቲቃ "ቀለሙ ትንሽ አሳከከኝ፤ ሐኪም አይታኛለች" ብላ አለፈችው። ያለፈችበት ምክንያት ነበራት። ሉብና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ነዲር ከሚባል የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ጋር የጋብቻ ወሬ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። እሷም ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ሸብታለች፣ ትቀባለችም። የእናትየዋ ፀጉር ከታየ የልጅቷም ይታሰባል።

ከአራት ወር በኋላ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ የአቲቃ ፀጉር ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ነጭ ሆኖ ነበር። የነዲር ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ ቃል የሚታሰርበትን ፋቲሃ ሊያስነብብ የተቀጠረው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሉብና ቀለሙን በሳህን በጥብጣ፣ የላስቲክ ጓንቷን አጥልቃ ወጥ ቤት መሐል ወንበር አኖረች።

"እማ፣ ተቀመጪ።"

"ሻሽ አስራለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ለዛሬ እሺ። የነዲር እናት ሐማም ስትጠራንስ? መጥራቷ አይቀርም። ሳሙናውን ከነሻሽሽ ልታሺው ነው?"

"አሞኛል እላለሁ።"

"ላላ ዙሁር አመመኝ ስትያት ቤቷ የምትቀመጥ መሰለችሽ? ሾርባዋን ይዛ ከተፍ ነው የምትለው።"

"ሒና ብቻውን ብቀባስ?"

"ሒና ነጭ ላይ ካሮት ነው የሚሆነው። በሠርጌ ፎቶ ላይ ካሮት አጠገብ ልቁም?" ሉብና ሳቀች፤ ቶሎ ግን ፊቷ ተመለሰ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአላህ። ከሠርጉ በኋላ ከፈለግሽ ተላጪው። ይሄኛው ደግሞ ቀላል ነው ብለውኛል፣ አያሳክክም።"

አቲቃ ተቀመጠች። ስታስበው አድራለች። ባለፈው ያበጠችው በማግስቱ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ብትቀባ እንግዶቹ በሰላም ይሸኛሉ፣ የሚመጣው ነገ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍሉ አርብም ክፍት ነው። ባይደርሱላትም ፋቲሃው ተነቧል። ይህን ሁሉ ባቅላዋ ስትቆርጥ እንደምታደርገው፣ መስመሩን አስተካክላ ነበር ያሰበችው።

ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሉብና ፀጉሯን ከመሐል ከፈለችው፤ ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ ነከረች። የእናቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

"ምን እያልሽ ነው?"

"ምንም። ቀጥይ።"

ሉብና ጎንበስ አለችና አዳመጠች። "እማ! ሸሃዳ ነው የምትይው? የሚሞት ሰው የሚለውን ለፀጉር ቀለም ይባላል እንዴ? ልቀባሽ እንጂ ልገንዝሽ ነው እንዴ?"

አቲቃ አልሳቀችም። ዓይኗንም አልገለጠችም። ሉብና ብሩሹን አንሥታ እንደያዘች ቀረች፤ አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ ወድቆ ጠቆረ።

"እማ፣ ሐኪሟ ምን ነበር ያለችሽ?"

አቲቃ ነገረቻት፤ ሐኪሟ እንዳለችው፣ ሳትጨምር።

ሉብና ሳህኑን ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው፤ ጓንቷን ከእጇ እየገፈፈች ጮኸች። "በእጄ! በገዛ እጄ! ዝም ብለሽ ልትቀመጪልኝ ነበር! ነገ ሬሳሽን ታቅፌ 'ግን ፋቲሃው ተነቧል' ልበል?"

"አትጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

"ይስማ!" ውሃውን ከፍታ ገንዳውን ትፈትገው ጀመር፤ ጥቁሩ ከጠራ በኋላም ማሸቷን አልተወችም። ጀርባዋን እንደሰጠች፣ "ሻሽሽን እሰሪ" አለች በመጨረሻ። "ስለ ሐማሙ ሌላ ቀን እናስባለን።"

እንግዶቹ የከሰዓቱ ሶላት ካበቃ በኋላ መጡ። ወንዶቹ ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ክፍል ከቡጀማ ጋር ተቀመጡ፤ ሴቶቹ በሳሎኑ። እንደ ደንቡ ሴቶቹ ተስማምተናል ብለው እስኪልኩ ወንዶቹ ፋቲሃውን አያነቡም። የነዲር እናት ላላ ዙሁር በጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ናት፤ አጭር፣ ጀርባዋ ወንበር የማይነካ። ከትልቋ ልጇ ከሱመያ ጋር ነበር የመጣችው። ሁለቱም መጎናጸፊያቸውን በር ላይ አውልቀዋል፤ ፀጉራቸው ተሠርቷል። በሳሎኑ ውስጥ ሻሽ ያሰረችው አቲቃ ብቻ ናት።

ቡናው ተቀዳ። ባቅላዋው ተመሰገነ። ላላ ዙሁር ቁራሹን አገላብጣ ካየች በኋላ ቀመሰችው።

"እኅቴ አቲቃ፣ ሙቀቱ አላስቸገረዎትም? ወንድ የለም እኮ። ሻሽዎን ያውልቁት።"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ላላ ዙሁር።"

"ብርድ መቷቸው ይሆናላ" አለች ሱመያ።

"ብርድ ከሆነ ቅዳሜ ይወጣል። ሐማሙን ለሁላችንም አስይዤዋለሁ።" ላላ ዙሁር ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ሻሹ ጠርዝ ላይ ነበር። "ቤተሰብ በደንብ የሚተዋወቀው እዚያ ነው።"

ሉብና የቡናውን ማንቆርቆሪያ ልታስቀምጥ ስትል ከትሪው ጋር ተንኳኳባት።

በሩ ከውጭ ተንኳኳ። ቡጀማ ነው። "አቲቃ! ሽማግሌዎቹ እየጠየቁ ነው። እናንብበው ወይ?"

ላላ ዙሁር "በበኩሌ…" ብላ አፏን ከፈተች።

"ትንሽ ቆዩ!" አለች አቲቃ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። ሦስቱም ዞረው አዩአት።

አሁን እሺ ከተባለ ፋቲሃው ይነበባል፣ ቅዳሜ ይመጣል። ያኔ ላላ ዙሁር ሽበቱን የምታየው ሙሽራዋ አንዴ የእሷ ከሆነች በኋላ ነው። አቲቃ ይህ ቅደም ተከተል ሰውን ምን እንደሚያደርግ ታውቀዋለች። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ሉብና ከወዲያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ በአፏ ሳይሆን በዓይኗ አይሆንም አለች። ቋጠሮው አልፈታ አለ፤ ጣቷ ላቧ ላይ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ተፈታና ሻሹን ጭኗ ላይ አኖረችው።

ከሥሩ ነጭ፣ ከዚያ በታች እንደ ጫማ ቀለም የጠቆረ፣ በሁለቱ መካከል በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ድንበር።

"አላህ!" አለች ሱመያ።

ላላ ዙሁር ስኒዋን አስቀመጠች። "ሐዘን ላይ ናችሁ እንዴ? ማን ሞተባችሁ?"

"ማንም አልሞተብንም። ፀጉሬ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የጀመረኝ፤ እናቴንም እንዲሁ።"

የላላ ዙሁር ዓይን ከእናትየዋ ወደ ልጅቷ ሄደ። መሄዱን አቲቃ አየችው።

"አንቺስ?"

አቲቃ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ሉብና ቀደመቻት። "በሃያ ሁለት። የዛሬ ሳምንት ነው የተቀባሁት። እናቴን ሐኪም ከልክሏታል፤ እኔን የከለከለኝ የለም፣ ወደፊትም እቀባለሁ።"

"ልጄ ያውቃል?"

"ያውቃል። ቀለሙ ሲያልቅብኝ ገዝቶ የሚያመጣልኝ እሱ ነው።"

ይህን አቲቃም አላወቀችም ነበር።

"ነዲር?" አለች ላላ ዙሁር። "እኔ ሳሙና ግዛ ስለው ዳቦ ይዞ የሚመጣው ነዲር?"

ሱመያ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችና የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው። ላላ ዙሁር ከእግሯ ሥር የነበረውን ቦርሳ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። "በሁለት ቤት ውስጥ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው" አለች። ሁለቱንም እጇን የቦርሳው ማንገቻ ላይ ጫነች። ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ላላ ዙሁር" አለች አቲቃ፣ "መሄድ ከፈለጉ አሁን ይሂዱ። አልቀየምዎትም፤ ለወንድሜም የምነግረው እኔ ነኝ። እኔ የታወቀብኝ ካገባሁ በኋላ ነው፣ ሐማም ውስጥ፣ በሰው ፊት። አማቴ እስክትሞት ድረስ በቅሎ ስትል ጠራችኝ። ልጄን ካልወደዷት ዛሬ ትቅር። ከወደዷት ግን ነገ 'ደብቃችሁኝ' የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳልሰማ።"

"እያስፈራሩኝ ነው?"

"አይደለም። እየነገርኩዎት ነው።"

ላላ ዙሁር የምታየው የአቲቃን ፊት ሳይሆን ያንን ድንበር ነበር። "ሐኪሙ ለምን ከለከለዎት?" አለች በመጨረሻ።

"ቀለሙ ጉሮሮዬን ሊዘጋው ይችላል አለችኝ።"

"እንደዚያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት ልትቀባ ተቀምጣ ነበር" አለች ሉብና። "የምቀባት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሳላውቅ።"

"ለምን ብላችሁ?"

"ለእርስዎ ብለን" አለች ሉብና።

ላላ ዙሁር ቀና አለች። "ለእኔ? እኔ ይህን ያህል የማስፈራ ሴት ነኝ?"

ሉብና ምንጣፉን አየች። ላላ ዙሁር ወደ ልጇ ዞረች። "ሱመያ፣ አንቺን ነው። አስፈራለሁ?"

ሱመያ ስኒዋን እያዞረች፣ "እማ፣ ወንዶቹ እየጠበቁ ነው" አለች።

ላላ ዙሁር መልሱ የገባት መሰለ። ፊቷ ቀላ፤ አንገቷ ላይ ያለውን ወርቅ ያለ ምክንያት አስተካከለች። ከዚያ ቦርሳውን መልሳ ወለሉ ላይ አኖረችው፣ ተጠንቅቃ፣ ውስጡ የሚሰበር ነገር እንዳለ ሁሉ።

"ሂጂ፣ ለአባትሽ ያንብቡ በይው" አለች። "ነዲርን ግን ቤት ስገባ አነጋግረዋለሁ።"

ሱመያ ወጣች። በግድግዳው በኩል የወንዶቹ ድምፅ አንድ ላይ ተሰማ፤ ሴቶቹም መዳፋቸውን ዘረጉ። ሲያበቃ ሉብና "አሚን" አለች፣ አቲቃም አለች። የላላ ዙሁር አሚን ዘግይቶ መጣ፣ ድምፅዋም ደረቅ ነበር፤ መዳፏን ፊቷ ላይ አሳልፋ ስኒዋን ለሉብና ዘረጋችላት። "ቀዝቅዟል" አለች። "ሌላ ቅጂልኝ።"