የድሪው ሠሪ

ስማቸውን አላውቅም። በአንዋር መስጊድ ሰፈር፣ ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ፣ አዲስ የብር ድሪ በጭስ እያጠኑ፣ በአፈር እያሹ፣ አሮጌ እስኪመስል ሲያንጎራጉሩለት አልፎ አልፎ አያቸዋለሁ።

ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እዚያው መርካቶ በተከፈተው የብር ጌጥ ኤግዚቢሽን፣ ከገዛ እጃቸው ሥራ ፊት ቆመዋል። መስታወቱ ላይ «የሁለት መቶ ዓመት ድሪ፤ ሠሪው አይታወቅም» ተብሎ ተጽፏል። ልጇን እንደዳረች እናት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የኔ ነው» ቢሉ ሱቃቸው መዘጋቱ ነው።

«ሠሪው ማን ይሆን ልጄ?» ብለው አስጎብኚዋን ጠየቁ።

«ውይ ጋሼ፣ እሱማ ድሮ ሞቷል! እንደሱ ያለ እጅ ዛሬ ከየት ይመጣል?»

«አላህ ይማረው» አሉ።

በገዛ ለቅሶው ላይ እንዲህ ፊቱ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም።