የአላል ፎቅና የአውሮፓ ወራሾች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነሐሴ 21 ቀን 2014። ይህን የጻፈው ሙሐንድ አዙዝ አመዝያን ነው፤ በብራስልስ ከተማ፣ በሞለንቤክ ሠፈር፣ ከአላል ቡዝያን ቤት በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። የሚከተለውን ከአላልም፣ ከሚስቱም፣ ከአጎቱም ለየብቻ ሰምቶ አስተያይቷል። ሦስቱ ያልተስማሙበትን ነገር አላስገባም፤ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ሲናገር ሙሉ በሙሉ አይታመንምና።

አላል ቡዝያን ትራም ያጥባል። ሌላው ተሳፍሮ የሚወርድበትን እሱ ከጣሪያ እስከ መንኰራኩር ይፈትጋል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ሰው ነው፤ ከነሐሴ ወር በስተቀር። በነሐሴ መኪናውን ጭኖ ከአውሮፓ ባሕር ተሻግሮ ወደ አገሩ፣ ወደ ሪፍ ተራሮች ይወርዳል፤ እዚያም ከአጎቱ ከሃዱ ጋር ስለ ፎቅ ይጣላል።

የጠቡ ሥር ይህ ነው። የአላል አባት ሻዒብ በብራስልስ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ቆፍሮ ባጠራቀመው ገንዘብ ከወንድሙ ከሃዱ ጋር በመንደራቸው ቤት ሠራ። ምድር ቤቱ አለቀ፣ የጣሪያው ሶሌታ በሲሚንቶ ተሞላ። ሻዒብ ለሚመጣው ፎቅ የምሰሶዎቹን ብረት፣ ፌሮውን፣ በገዛ እጁ አስሮ፣ ወደ ሰማይ አቁሞ፣ «በሚቀጥለው በጋ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በሚቀጥለው በጋ ሻዒብ በሣጥን መጣ። ቤቱ ግማሹ ለልጁ ለአላል፣ ግማሹ ለወንድሙ ለሃዱ ሆነ፤ ነገር ግን አልተከፈለም። በአገራቸው ልማድ ደግሞ ባልተከፈለ ቤት ላይ አንዱ ወራሽ ካልፈቀደ ሌላው አንዲት ብሎኬት አይጨምርም። ሃዱም አልፈቀዱም። ፌሮው ጣሪያው ላይ እንደ ቆመ ዝናብ እየመታው፣ ወፍ እያረፈበት፣ የአላል ጢም ሸበተ።

አምና ሚስቱ ሉዊዛ ቁርጡን ነገረችው።

«እኔ ከእንግዲህ በአጎትህ ሳሎን ወለል ላይ አልተኛም። ሲያንኮራፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጎህ ሲቀድ ለሶላት ሲነሡ በራስጌዬ ላይ ነው የሚረማመዱት። ወይ ፎቁን አስፈቅድ፣ ወይ ብቻህን ውረድ። እኔና ልጆቼ ስፔን ባሕር ዳር ነን።»

አላል ያንን ረጅም መንገድ ከጎኑ ባዶ ወንበር ይዞ ሲነዳው በዓይነ ሕሊናው አየ፤ እንቅልፍ አጣ። አስቦ አስቦም አንድ ዘዴ አገኘ። አጎቱ በሕይወታቸው ያዩት ትልቁ ሕንጻ የናዶር ከተማ ገበያ ነው። ታላላቅ የአውሮፓን ከተሞች ቢያዩ፣ ከፍታ ምን እንደሆነ ቢገባቸው፣ ለአንዲት ፎቅ አይሰስቱም። ስለዚህ ቪዛ አስወጥቶ በጸደይ ወር አስመጣቸው።

ሃዱ በአውሮፕላን ጣቢያው የደረሱት ከመንገደኛ ሁሉ መጨረሻ ነው። የመፈተሻው በር አላሳልፍ ብሏቸው ነበር። ከጀለቢያቸው ሥር የወጣው ነገር የከብት ቃጭል የሚያክል የቁልፍ እስር ነው።

«ይኼ ሁሉ የምን ቁልፍ ነው አጎቴ?» አለ አላል።

«የሰው ነው። አደራ ነው። ለማን ትቼው ልምጣ?» አሉና መልሰው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄዱበት ሁሉ ይንሿሿሉ።

በማግስቱ አላል ወደ ብራስልስ ታላቁ የፍርድ ቤት ሕንጻ ወሰዳቸው። ሕንጻው ተራራ ነው። ሆኖም ከብዙ ዘመን ጀምሮ እድሳት ላይ ስለሆነ ፊቱ በብረት ርብራብ ተሸፍኗል። አላል በየቀኑ ስለሚያየው ርብራቡን ማየት ትቶት ነበር። አጎቱ ግን ከርብራቡ በስተቀር ምንም አላዩም።

«ይኼ ብረት ምንድን ነው?»

«እያደሱት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አላል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ትራም ማጠብ ስጀምርም ነበረ።»

ሃዱ ጠጋ ብለው የርብራቡን እግር በጥፍራቸው ፋቁ። «ዝጓል።»

«አዎ፣ ርብራቡንም ራሱን ማደስ ያስፈልጋል ይባላል» አለች ሉዊዛ ከኋላ። አላል በዓይኑ ገረፋት።

«ገባኝ» አሉ ሃዱ፤ «ወራሾቹ አልተስማሙም።»

«ወራሽ የለውም አጎቴ! የመንግሥት ነው! ፍርድ ቤት ነው!»

«ፍርድ ቤት?» ሽማግሌው ሕንጻውን እንደገና ከታች እስከ ላይ አዩት፤ ፊታቸውም በራ። «የራሱን ክርክር ባልጨረሰ ፍርድ ቤት ነው እንግዲህ አንተ በየዓመቱ እከስዎታለሁ የምትለኝ?»

አላል ያን ቀን እራት አልበላም። ሆኖም ተስፋ አልቆረጠም፤ አንዱ ከተማ ቢያሳፍር ሌላው ይክሳል ብሎ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አንትወርፕ ነዳ። የአንትወርፕ ካቴድራል ግንብ ከሩቅ ሲታይ ደመና የሚወጋ ነው። አላልም ከሩቅ እያሳያቸው፣ «አዩት? አዩት?» እያለ ገባ። ከፊት ለፊቱ ሲቆሙ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ግንቦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አልቆ ሰማይ ደርሷል፣ ሁለተኛው ገና ከወገቡ ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ ቆብ ተደፍቶበት ቀርቷል። አላል ይህንንም ቀድሞ አላስተዋለውም ነበር።

ሃዱ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ዓይናቸውን አመላለሱ።

«ሁለት ወንድማማቾች ናቸው» አሉ በመጨረሻ።

«ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ።»

«ይሁና። ታላቁ ድርሻውን ወስዶ ሠራ፤ ታናሹ አልፈቅድም አለ።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአጭሩ ግንብ ሰው የሆነ ይመስል ጎንበስ አሉለት። «አላህ ያጽናህ ወንድሜ። እንዳትሰማቸው።»

አንድ ቱሪስት ሽማግሌው ጎንበስ ሲሉ ፎቶ አነሳቸው። ሉዊዛ ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። አላል ወደ መኪናው ሄዶ ያልቆሸሸውን መስታወት ማጽዳት ጀመረ፤ ሲናደድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለፓሪስ ጉዞ ሉዊዛ እንቁላል ቀቀለች፣ ዳቦና ሰርዲን ቋጠረች፣ ሃዱም ከአገር ያመጡትን የወይራ ዘይት ያዙ። አላል በመንገድ ሁሉ ሲያፏጭ ነበር። የፓሪሱ ዝነኛ የብረት ግንብ ርብራብ የለበትም፣ መንታ የለውም፣ ወደ ላይ ነው እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። ከሥሩ አቁሟቸው፣ እጁን አጣምሮ፣ «በሉ አሁን» አለ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ቆባቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ከዚያም ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ በሚናገርበት ድምፅ፣ «ሲሚንቶው ሳይመጣ ቀረ» አሉ።

«ምን?»

«ፌሮው ብቻ ነው'ኮ የቆመው። ያን ሁሉ ፌሮ አስሮ፣ አቁሞ፣ ሲሚንቶው ሳይደርስ ሞተ። የማን አባት ይሆን?»

«አጎቴ፣ እንዲሁ ነው የተሠራው! ብረት ብቻ ነው! አልቋል!»

«ባል የሞተባት ሚስትም እንደዚያ ነው የምትለው።» ዞር ዞር ብለው ሰልፈኛውን አዩ። «ይኼ ሁሉ ሰውስ የመጣው ሊያስተዛዝን አይደለም? ሰው ያለቀ ቤት ለማየት ይሰለፋል? በእኛ አገር ያለቀ ቤት ማን ዞሮ ያየዋል?» የግንቡን እግር ጠጋ ብለው መረመሩ። «ግን አልዛገም። እንዴት ነው ያልዛገው?»

አላል በመጨረሻ የሚኮራበት ነገር ስላገኘ ቸኩሎ መለሰ። «በየጥቂት ዓመቱ ቀለም ይቀቡታል። ሙሉውን!»

«ቀለም!» ሃዱ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ይቺን እኔ እንዴት አጣኋት?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። አላል አጎቱን ፌሮውን ሊያስጠላቸው አምጥቶ፣ የፌሮ አያያዝ አስተማራቸው።

የቀረችው የኮሎኝ ከተማ ነበረች። አላል እዚያ የሄደው አምኖ ሳይሆን ቃል ገብቶ ስለነበር ነው። ካቴድራሉ ሁለት ግንብ አለው፤ ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም ያለቁ። አላል ሁለት ጊዜ ተመልክቶ አረጋገጠ፤ ነፍሱ መለስ አለች። አንዲት አስጎብኚ ሴት ለተሰበሰቡ ሰዎች በፈረንሳይኛ ስታስረዳ ሰምቶ፣ አጎቱን ይዞ ጠጋ አለ። ሴትዮዋ ይህ ሕንጻ ከመሠረቱ እስከ ጫፉ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ እንደፈጀ፣ መካከል ላይም ሥራው ለመቶዎች ዓመታት ቆሞ የድንጋይ ማንሻው ካልተጨረሰው ግንብ ላይ እንደተገተረ መቅረቱን ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ሃዱ።

«ቆንጆ ነው አለች።»

«ይኼን ሁሉ ለፍልፋ?»

«ቶሎ አለቀ አለች» አለ አላል፤ ጆሮው ግን ቀላ።

ሽማግሌው ቁልፋቸውን እያንሿሹ ዘወር አሉ። አደባባዩን የሚጠርግ አንድ ጠይም ሰው የሪፍኛ ንግግር ሰምቶ መጥረጊያውን ተደግፎ ያያቸው ነበር። የናዶር አካባቢ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ዝናብና ስለ ወይራ ከተጠያየቁ በኋላ ሃዱ፣ «ልጄ፣ ይኼ ቤት በስንት ጊዜ አለቀ?» አሉት።

«ይኼ? ስድስት መቶ ዓመት ፈጀ ይላሉ፤ አለቀም ከተባለ ነው አባባ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አንዱን ጥግ ጠግነው ሳይጨርሱ ሌላው ይፈርሳል።»

ሉዊዛ አደባባዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። አላል አልሳቀም። ትራም አጣቢው፣ ዝምተኛው ሰው፣ በሕዝብ ፊት ጮኸ።

«እሺ! ስድስት መቶ ዓመት! እኔ ግን ስድስት መቶ ዓመት የለኝም! የምለምንዎት ሁለት ክፍል ነው! አባቴ ያሰረው ፌሮ ነው! ምን አደረግኩዎት?»

ሃዱ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የቁልፉን እስር ከወገባቸው ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ አንድ በአንድም ይለያዩት ጀመር።

«ይኼ የሚሙን ነው። ሦስት ፎቅ፣ እብነ በረድ ደረጃ። ከጨረሰ ጀምሮ አልመጣም። ይኼ የበቂሽ ልጆች ነው። በጨረሱበት በጋ ድግስ ደገሱ፣ ቁልፉን ሰጡኝ፣ ሄዱ። ይኼ የቡጀማ ነው፤ ግቢው ውስጥ በለስ በቅሎ በሩን ዘግቶታል። ሁሉም እንዳንተ አውሮፓ ያሉ ናቸው፤ ጨርሰው ሰጡኝ። መንገዱ ላይ ስትሄድ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ከዚያ መንደር በየነሐሴው የሚመጣ አንተ ብቻ ነህ። ልትጣላኝም ቢሆን ትመጣለህ።» ቁልፎቹን መልሰው ሰበሰቡ። «ፈቅጄልህ ብትጨርስ፣ ያንተን ቁልፍ የት ላስረው? ቦታ የለኝም።»

ጠራጊው ሰው የሆነ ሥራ ትዝ እንዳለው ሆኖ ራቅ አለ።

ሉዊዛ ዓይኗን ጠርጋ መጥታ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

«አጎታችን፣ እንደ አንትወርፑ ይሁን» አለች።

«እንዴት?»

«በአንድ ወገን ይፍቀዱልን፤ በሌላው ወገን እንቢ ይበሉ። ፌሮው ይቁም።»

«ለቀረውስ ግማሽ በየነሐሴው ትነዘንዙኛላችሁ?»

«እሱ እንኳ ይደክመው ይሆናል» አለች ባሏን በአገጯ እያሳየች፤ «እኔ ግን ራሴ ነኝ የምነዘንዝዎት። ከአላል የባስኩ ነኝ፤ ይጠይቁት።»

«እውነቷን ነው» አለ አላል፤ ከልቡ።

ሃዱ ካቴድራሉን፣ ከዚያ ሉዊዛን፣ ከዚያ እንደገና ካቴድራሉን አዩ። «አንድ ነገር አለኝ፤ በሩን የማሠራው እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያም እንቁላል ተርፎ እንደሆነ ጠየቁ።

ይህን ሁሉ የሰማው ሙሐንድ አዙዝ አመዝያን ግማሽ ፎቅ የሚባል ነገር ስላላመነ፣ ዘንድሮ አገሩ ሲገባ ወደዚያ መንደር ሄዶ ጣሪያው ላይ ወጣ። በቀኝ በኩል ሁለት ክፍል አልቆ፣ የሉዊዛ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በግራ በኩል የሻዒብ ፌሮ እንደ ቆመ ነው፤ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል፣ በጣት ሲነካም ደርቋል። ከታች አላልና አጎቱ ስለ ግራው ወገን ሲጯጯሁ ይሰማል፤ ከሁለቱ ድምፅ በላይ የሉዊዛ አለ። ሙሐንድ ሃዱ ያሠሩትን የአዲሶቹን ክፍሎች በር ከውስጥም ከውጭም በእጁ ዳስሶ መረመረው፤ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም።