የቄስ ሞላ ልጅ አንደኛ የወጣ ቀን

ባለፈው ሐሙስ የሥራ ማመልከቻዬን ይዤ ላሊበላ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሥራ አስኪያጁ "አሁን ይመጣል" ከተባለ ሰዓት ተኩል አልፏል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም፣ ጠባዬ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የውሃ ዋና ያሳያል። ስምንት ወንዶች ጎንበስ ብለው ቆሙ፣ ዘለው ገቡ፣ ከዚያ ሁለት ክንዳቸውን እኩል እያነሱ ውሃውን ይደበድቡት ጀመር። የቢራቢሮ ዋና፣ ሃምሳ ሜትር። ወለሉን የምትወለውለው ልጅ ቀና ብላ "ውይ፣ ምን አስቸኮላቸው?" አለች። ተነስቼ ወጣሁ። ማመልከቻዬን እንኳ አልሰጠሁም።

ያን ዋና ሳይ የሚመጣብኝ ሲሳይ ነው። የቄስ ሞላ ልጅ። መንደራችን ብልባላ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተምረናል፤ ከዚያ ባሕር ዳር አጎቱ ጋ ሄደና ጣና ላይ ዋና ለመደ። ቄስ ሞላ ወሬውን ሲሰሙ ተናደው ነበር። "ውሃ ለጸበል ነው የተፈጠረ፣ ምን ብሎ ይንከባለልበታል?" አሉ። በኋላ ልጁ ክለብ ገባ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለዓለም ሻምፒዮና ተመረጠ ተባለ። ያኔ ቁጣቸው ጠፋ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስተው "ማርያም ልጄን አንደኛ ብታወጭልኝ ቡሪትን ለደጅሽ" ብለው ተሳሉ። ቡሪት ያለቻቸው አንድ ጊደር ናት። ከብታቸው ሁሉ በበሽታ አልቆ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከብዳለች። ሚስታቸው ወተቱን በዓይኗ እያየች ነው የከረመችው። ስለቱን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወሩ ሐምሌ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። የውድድሩ ቀን አያ ደምሌ ሻይ ቤት ገባን፤ ዲሽ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ኳስ ያሳይበታል። ሻይ፣ እርጥብ ጋቢ፣ የገብስ ቆሎ፣ ስልሳ ሰው በአንድ ክፍል። ቄስ ሞላን ከፊት አስቀመጧቸው። ሲሳይ በስክሪኑ ብቅ ሲል ቤቱ ጸጥ አለ፣ ምክንያቱም ልጁ ከአንዲት ጠባብ ቁምጣ በቀር ምንም አልለበሰም።

"አባ፣ አይዩ!" አለ አንዱ።

ቄስ ሞላ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡ። "ብርድ አይመታውም?" አሉ ከውስጥ ሆነው።

ከሲሳይ ጋር የቆሙት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። አምስቱ መስመር ባዶ ነው።

"ሌሎቹስ?" አለ አባቴ።

"ፈርተው ቀሩ!" አለ ደምሌ፣ ቤቱም በሳቅ ተናጋ።

ዘለው ገቡ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም እኮ! ሴቶቹ "ምነው ውሃውን እንዲህ ገረፈው፣ ምን በድሎት?" እያሉ ሳይጨርሱ ሲሳይ ግድግዳውን ነካ። ቀድሞ። እልልታው ቆርቆሮውን አነሳው። ቄስ ሞላ ጋቢያቸውን ገልጠው "ወጣ?" አሉ። "አንደኛ አባ! አንደኛ!" አሏቸው። አለቀሱ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፣ ምስሉ ቆራረጠና ቀጥ አለ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላየም።

እኔ ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ የተጻፈውን አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው ምድብ ነበር። ከሱ በኋላ ብዙ ምድብ አለ።

ማታ ሲሳይ በቴሌግራም ጻፈልኝ። "አባቴ ደውሎ እልል ይላል። ዓለምን አንደኛ የወጣሁ መስሎታል። የቀደምኩት ምድቤን ነው፤ እዚያ የምንመደበው ደግሞ ደካሞቹ ነን። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ራሴ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ። ትርንጎ፣ አደራ።" ከሥር ደግሞ ሌላ መልእክት፦ "ግን የራሴን ሰዓት በግማሽ ሰከንድ አሻሻልኩ! አሠልጣኜ አቀፈኝ!"

"እሺ፣ እንኳን ደስ ያለህ" ብዬ መለስኩ። ስለቱን አያውቅም ነበር። አባትህ ቡሪትን ከነገ ወዲያ ሊሰጡ ነው ብዬ አንድ መስመር ብጽፍለት ያን ሌሊት ይደውል ነበር። አልጻፍኩም። ሰው "ልጅ ነበርሽ" ይለኛል። ልጅነት አይደለም። ቀንቼ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አባቴ በእያንዳንዱ ጉርሻ መሀል "የድሃ ቄስ ልጅ ዓለምን ቀደመ፣ አንች ሒሳብ ትወድቂያለሽ" ሲለኝ፣ እሱን ዝም ማሰኘት ነበር የምፈልገው።

በማርያም ቀን ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ሞላ ቡሪትን እየጎተቱ መጡ። አጥበዋታል፣ አንገቷ ላይ ቄጠማ አስረውላታል። ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉና "ልጄ ከዓለም ሰው ሁሉ ቀድሞ..." ብለው ሲጀምሩ አባቴ በክርኑ ጎሸመኝ። "ስሚ" አለኝ። "ስሚ አንች።"

"አልቀደመም" አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው። ሰው ዞረ። ቄስ ሞላ ድምፅ ማጉያውን ከአፋቸው አነሱት።

"ምን አልሽ ልጄ?"

"አልቀደመም አባ። የቀደመው ሁለቱን ልጆች ነው። ሌሎቹ ፈርተው አልቀሩም፤ በሌላ ሰዓት ዋኝተዋል።"

ስልኬን አወጣሁ። ውጤቱን ከፍቼ ሄድኩና ዓይናቸው ሥር ያዝኩላቸው። ከላይ ጀመርኩ። በአውራ ጣቴ ወደ ታች ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ ገፋሁ። የሲሳይን ቦታ አውቀዋለሁ፣ በአንድ ጊዜ ልደርስበት እችል ነበር። ግን እያንዳንዱን ስም እንዲያዩት ፈለግሁ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ቁጥሩን ግን ያነባሉ። ሰማንያ ምናምን ላይ ስደርስ "ይኸው" አልኩ።

ቄስ ሞላ ስልኩን አዩት። "ስሙ አለ አይደል?" አሉ ቀስ ብለው። ከኋላ አንዱ "ቡሪት ነጻ ወጣች!" ብሎ ጮኸ፣ ሰውም ሳቀ። የደብሩ አለቃ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው መጡ። "ቄስ ሞላ፣ ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። በሐሰት የመጣ አንቀበልም፣ ይመልሷት" አሏቸው። ሐሰት! እኚያ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ደብር ቀድሰዋል።

ቡሪትን መልሰው በገበያው መሀል ጎተቷት። መንገዱ አንድ ነው፣ ሌላ ማለፊያ የለም። ቄጠማው አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። ከየበሩ "አባ፣ ልጅዎ ስንተኛ ወጣ?" ይሏቸዋል። ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየሮጡ "ፈርተው ቀሩ! ፈርተው ቀሩ!" ይላሉ። ሁለት ቀን አልሞላም እኮ እነዚሁ ሰዎች ትከሻቸው ላይ ከተሸከሟቸው። ሚስታቸው በሩ ላይ ቆማ ጊደሯን ስታይ ደስ አላት ወይስ አዘነች፣ እስካሁን አላውቅም። ገመዱን ተቀብላቸው ገባች።

ሲሳይ በሳምንቱ መጣ። ገና ከመኪናው ሲወርድ "ፈርተው ቀሩ" አሉት። ወደኛ ቤት መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ፣ ግባ ብለው አልገባም።

"እኔ ብነግረው ይስቅ ነበር" አለኝ። "አባቴን ታውቂዋለሽ። ደካሞቹን ቀደምኩ ብለው እስኪያለቅስ ይስቅ ነበር።"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት" አልኩት።

"ግማሽ ሰከንዱን ለምን አልነገርሻቸውም ታዲያ?"

በማግስቱ ሌሊት የመጀመሪያውን መኪና ይዞ ሄደ። ቴሌግራሙንም ስልኩንም ዘጋብኝ። ብልባላን ዳግመኛ አልረገጣትም።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ ባለፈው ክረምት ተመለስኩ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ቄስ ሞላ አገኙኝ። መስቀል አሳለሙኝ፣ አንድም ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም።

"ትርንጎ፣ ያ ልጅ የኔን ስልክ አያነሳም" አሉኝ። "አንች አብሮ አደጉ ነሽ፣ ላንች ያነሳል። አባትህ ናልኝ ይልሃል በይልኝ።"

ሲሳይ ስልኩን ከዘጋብኝ ዓመታት አልፈዋል። ያንን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ "እሺ አባ" አልኩ።

በሳምንቱ "ምን አለሽ?" አሉኝ። "ሥራ በዝቶበታል አለ።" ለገና ጠየቁኝ፦ "ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ግን ተሽሎታል።" ለጥምቀት ሌላ ፈጠርኩ። በሕዝብ ፊት ያልፈራ አፍ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ውሸት እንጂ ሌላ አይወጣውም። ያኔ እውነቱን ስናገር የከፈልኩት ነገር አልነበረም፤ ለዚህ ነው ቀላል የሆነልኝ። አሁን እውነቱ "ልጅዎን ያስጠፋሁብዎ እኔ ነኝ፣ የት እንዳለም አላውቅም" የሚል ነው።

ያ ሐሙስ ከሆቴሉ ወጥቼ ብልባላ ስደርስ መኪና መውረጃው ላይ ቆመው ነበር። ፆም ነው፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

"ለፋሲካስ?" አሉኝ።

ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ያ የዋና ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። በቶሎ እንዲለቁኝ ብቻ ፈለግሁ።

"ይመጣል" አልኩ።

ትናንት እናቴ እንደነገረችኝ በግ ገዝተው ደጃቸው ላይ አስረዋል። ላለፈ ላገደመው ሁሉ "የሲሳይ ነው" ይላሉ አሉ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀረው።